ወፍራም ስፌት ላይ ሲደርስ ስለሚቸገር የስፌት መኪና፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ

በቤት ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች መካከል የስፌት መኪናን ያህል ብዙ አገልግሎት ሰጥቶ ጥቂት እንክብካቤ የሚያገኝ ዕቃ አይገኝም። የሕፃናት ልብስ ሲቀደድ፥ መጋረጃ ሲያረጅ፥ የተማሪ ልብስ ሲያጥር ሁሉም ወደ እርሱ ይቀርባል፤ እርሱም ቀጭኑንና ለስላሳውን ጨርቅ ያለ ድካም ሲሰፋ ይውላል። ዳሩ ግን የካኪ ሱሪ ጫፍ፥ የካፖርት ኮሌታ ወይም የሸራ ቦርሳ አፍ በቀረበለት ጊዜ፥ ስፌት በስፌት ላይ ከሚደራረብበት ስፍራ ሲደርስ፥ ያ ደኅና ሠራተኛ በድንገት ይቆማል። ወይም ክር ይበጥሳል፤ ወይም ስፌት ይዘላል፤ ወይም መርፌ ይሰብራል።

በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «መኪናው አርጅቷልና ይሸጥ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ሰፊዋ ሥራ አታውቅም» የሚል ነው። ሁለቱም ምስክር ሳይሰማ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። በመጀመሪያው ፍርድ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል መኪና በርካሽ ዋጋ ከቤት ይወጣል። በሁለተኛው ፍርድ እንጀራዋን በእጅዋ ሥራ የምትበላ ሴት ያለ ጥፋቷ ትነቀፋለች፤ ምናልባትም የተሰበረው መርፌና የተበላሸው ጨርቅ ዋጋ ከደመወዟ ይቆረጥባታል። በከተሞቻችን በየሱቁ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ለሚያድሩት ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ነገሩ ከዚህ የበለጠ ነው፤ መኪናው የቆመ ዕለት የቤተ ሰቡ ገቢ ቆመ ማለት ነውና። ስለዚህ የዚህን ችግር ምክንያትና መድኃኒት በየተራው ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

መኪናው እንዴት እንደሚሰፋ

ምክንያቱን ለማወቅ አስቀድሞ የመኪናውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በእጅ የሚሰፋበት መርፌ የክር ቀዳዳው በስተ ኋላው ነው፤ የመኪና መርፌ ግን ቀዳዳው ከጫፉ አጠገብ ነው። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ወግቶ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ ጥቂት ወደ ላይ ሲመለስ ክሩ በመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከሥር ያለው መንጠቆ ቀለበቱን ይይዝና የታችኛው ክር በተጠነጠነበት ማጠንጠኛ ዙሪያ ያሳልፈዋል። በብዙ የጥንት መኪኖች ይህን ሥራ የሚሠራው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ብረት ነበር። እንዲህ ሆነው ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ።

አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እንዲህ ባለ መርፌ ሁለት ክር ለሚያቆላልፍ መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 ዓመት የፈጠራ መብት ተቀበለ። ነገር ግን በእርሱ መኪና ጨርቁ በአንድ ብረት ላይ ባሉት እሾሆች ተሰክቶ ይንጠለጠል ስለ ነበረ፥ ብረቱ ባለቀበት ስፌቱም ያልቅና ጨርቁ እንደ ገና ይሰካ ነበር። በ1851 አይዛክ ሜሪት ሲንጀር መብት የተቀበለበት መኪና ግን ጨርቁን በገበታ ላይ አጋድሞ፥ ከላይ በሞላ በሚጫን እግር የሚይዝ ሆነ። በ1854 ደግሞ አለን ዊልሰን የተባለው ሰው ጨርቁን ከሥር ለሚያስኬዱት ጥርሶች መብት ተቀበለ፤ እነዚህም ጥርሶች ይነሣሉ፥ ወደ ኋላ ይጎትታሉ፥ ይወርዳሉ፥ ወደ ፊትም ይመለሳሉ።

በእግር የሚረገጠውም ሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የዛሬ የቤት መኪና የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ከላይ እግር ይጫናል፤ ከታች ጥርስ ይጎትታል፤ በመካከላቸው መርፌ ይወርዳል። ወፍራም ስፌት ሲመጣ የሚቸገሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ወፍራሙ ስፌት ስለ ምን ያስቸግራል

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የካኪ ሱሪ ጫፍ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሲቀመቀም፥ መርፌው የሚወጋው 3 ድርብ ጨርቅ ነው። የሱሪው የጎን ስፌት ግን ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው የተሰፉ እንደ ሆነ፥ ያ ስፌት ብቻውን 4 ድርብ አለው። እርሱም ከጫፉ ጋር ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 12 ድርብ ይሆናል። እንግዲህ መኪናው በ3 ድርብ ላይ ሲሄድ ቆይቶ፥ ከአውራ ጣት ውፍረት ባነሰ ስፍራ ውስጥ ወደ 12 ድርብ ይወጣል፤ ወዲያውም ወደ 3 ይወርዳል። ይህ ሜዳ ላይ ሲሄድ የነበረ ሰው በድንገት ደረጃ እንዳጋጠመው ያለ ነው።

በዚያ ደረጃ ላይ በመጀመሪያ የሚቸገረው እግሩ ነው። የእግሩ ጣት ወደ ላይ ይነሣል፥ ተረከዙም ወደ ታች ያዘነብላል። ጥርሶቹም ጨርቁን ከእግሩ ጋር አጣብቀው መያዝ ስለማይችሉ ባዶውን ይፍቃሉ፤ ስፌቱም በአንድ ስፍራ ይከመራል። ከጉብታው ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ጣቱ ይወድቃል፥ ተረከዙ ይነሣል፤ በዚያም ስፌት ይዘላል።

ሁለተኛ የሚቸገረው መርፌው ነው። ቀጭን መርፌ ጠንካራ ጨርቅ ሲወጋ ይለመጣል። መንጠቆው ቀለበቱን የሚይዝበት ርቀት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፥ መርፌው ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ቢለመጥ መንጠቆው ቀለበቱን ይስታል። ስፌት ዘለለ የምንለው ይህ ነው። መርፌው አብልጦ የተለመጠ እንደ ሆነ ግን ከቀዳዳው ጠርዝ ብረት ጋር ይጋጭና ይሰበራል።

ሦስተኛ የሚቸገረው ክሩ ነው፤ በብዙ ድርብ መካከል ሲተሻሽ ይሞቃል፥ ይሳሳል፥ ይበጠሳልም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። መኪናውን የሚያስቸግረው ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ጥንካሬና ድንገተኛ ለውጥ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ሳለ ለስላሳ ስለ ሆነ ከእግሩ በታች ይተኛል፤ ካኪና ጅንስ ግን አይተኛም። ስለዚህ ኃይል መጨመር መድኃኒት አይሆንም። መኪናው እምቢ ባለ ጊዜ አብዝቶ መርገጥ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማብዛት ነው።

አስቀድሞ ሊመረመሩ የሚገባቸው

ምርመራው ከቀላሉና ከርካሹ ነገር መጀመር አለበት። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፥ በዚያው ዓይነት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ፈትኖ፥ ከዚያ ወደ ሁለተኛው መሄድ ይገባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መኪናው ቢድን እንኳ በምን እንደ ዳነ አያውቅም።

ከሁሉ በፊት መርፌው ይታይ። በመርፌው መያዣ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም 80 ከ12፥ 90 ከ14፥ 100 ከ16፥ 110 ከ18 ጋር ነው። ትልቁ ቁጥር የመርፌውን ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ የሚናገር ነው፤ 100 ማለት አንድ ሚሊሜትር ማለት ነው። ለሸሚዝና ለአቡጀዲ 80 ወይም 90 ይበቃል፤ ለካኪ፥ ለጅንስና ለሸራ ግን 100 ወይም 110 ያስፈልጋል። ለጅንስ ተብሎ የተሠራ፥ አካሉ የጠነከረ መርፌም አለ፤ የተገኘ እንደ ሆነ እርሱ ይመረጣል። ከጥንት መኪኖች አንዳንዶቹ ርዝመቱ የተለየ መርፌ ስለሚፈልጉ፥ ወደ ገበያ ሲላክ አሮጌውን መርፌ ለናሙና አብሮ መላክ ይሻላል።

መርፌው የተጣመመ መሆኑን ለማወቅ ጠፍጣፋውን ጎን በመስተዋት ላይ አስተኝቶ በመካከላቸው ያለውን ብርሃን መመልከት ነው፤ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሆነ መርፌው ይጣል። አዲሱ መርፌ ሲገባ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይገፋ፤ ጠፍጣፋው ጎኑም ክር ከሚገባበት ወገን በተቃራኒ ይሁን፤ ከዚያም ብሎኑ በደንብ ይጥበቅ። መርፌ እስኪሰበር ድረስ የሚኖር ዕቃ አይደለም፤ ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ ቢለወጥ መልካም ነው። የዶለዶመ መርፌ ጨርቁን መውጋት ትቶ ይደበድበዋል።

ከመርፌው ቀጥሎ ክሩ ይመርመር። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገብቶ ሁለቱን ጫፍ በሰያፍ ወጥሮ ቢይዙት፥ መርፌው በገዛ ክብደቱ መንሸራተት አለበት። ከቆመ ክሩ ለመርፌው ወፍራም ነው፤ ወይም መርፌው ወይም ክሩ ይለወጥ። የላይኛው ክር እንደ ገና ሲገባ እግሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ይሁን፤ ስለ ምን ቢሉ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለቱ ክብ ብረቶች የሚከፈቱት እግሩ ሲነሣ ነው። እግሩ ወርዶ ሳለ የገባ ክር በብረቶቹ መካከል በሚገባ አይቀመጥም።

ከዚያ በኋላ መርፌው የሚገባበት ዝርግ ብረት ተፈትቶ በሥሩ ያለው ይታይ። በጥርሶቹ መካከል የጨርቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ጥጥ ትራስ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጥርሶቹ ወደ ላይ በቂ ሆነው አይወጡም፤ ወፍራሙንም ጨርቅ ሊጎትቱ አይችሉም። ብናኙን በትንሽ ብሩሽ ጠርጎ፥ ዘይት በሚፈልጉት ስፍራዎች አንድ አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ማድረግ ነው። የምግብ ዘይት ከቶ አይደረግ፤ ሲቆይ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናልና።

በእግር በሚረገጥ መኪና ደግሞ የቆዳው ጠፍር ይታይ። ጠፍሩ የላላ እንደ ሆነ ቀጭን ጨርቅ ላይ አይታወቅም፤ ወፍራሙ ሲመጣ ግን እግር እየረገጠ መዘውሩ ይቆማል። መድኃኒቱ ከጠፍሩ ጥቂት ቈርጦ እንደ ገና ማጋጠም ነው። መዘውሩ እየዞረ መርፌው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ በመዘውሩ መካከል ያለው ማጥበቂያ ይጠበቅ።

ጨርቁን ስለ ማዘጋጀት

መኪናው ደኅና ሆኖ ሳለ ጨርቁ ካልተሰናዳ ችግሩ አይርቅም። ብልኅ ልብስ ሰፊ ጉብታውን ከመኪናው በፊት በእጁ ያሸንፈዋል።

የጎን ስፌቱ ጠርዞች ወደ አንድ ወገን የተኙ እንደ ሆነ በዚያ ስፍራ 3 ድርብ አለ፤ ጫፉም ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 9 ይሆናል። ጠርዞቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው በካውያ የተተኮሱ እንደ ሆነ ግን 2 ድርብ ብቻ ነው፤ ሲታጠፍም 6 ይሆናል። እንግዲህ በአንድ የካውያ ሥራ ብቻ ከጉብታው ሢሶው ተቃለለ። ከዚህም በቀር በእጥፉ ውስጥ የሚቀረውን ትርፍ ጠርዝ፥ ስፌቱ እንዳይተረተር ተጠንቅቆ፥ አንዱን ድርብ ከሌላው አሳጥሮ በደረጃ መቍረጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጉብታው እንደ ግድግዳ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተዳፋት ይሆናል።

ተጠላልፈው የተሰፉትንና ሊከፈቱ የማይችሉትን ደግሞ ጥቂት አርጥቦ በካውያ መተኮስ፥ ቀጥሎም ጨርቅ ጣል አድርጎ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ከተመታ በኋላ የጨርቁ ጥንካሬ ይሰበራል፤ መርፌውም በቀላሉ ይገባል። ደረቅ ሳሙና በስፌቱ መስመር ላይ ማሸትም ለመርፌው መንሸራተቻ ይሆናል፤ በታጠበ ጊዜም ይለቃል። ሰም የሚያሹም አሉ፤ ነገር ግን ሰም በአንዳንድ ጨርቅ ላይ ምልክት ስለሚተው አስቀድሞ በቁራጭ ላይ መፈተን ይገባል።

ጉብታውን ስለ መሻገር

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንመለስ። የስፌቱ ርዝመት ወደ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ይጨመር፤ ጥቃቅን ስፌት በወፍራም ጨርቅ ላይ ይከመራልና። መኪናው የእግሩን ጫና የሚቀንስ ብሎን ያለው እንደ ሆነ ጥቂት ይላላ። ጉብታው አጠገብ ሲደረስ፥ የእግሩ ጣት ከመነሣቱ በፊት መርፌው በጨርቁ ውስጥ እንደ ወረደ መኪናው ይቁም። ከዚያ እግሩን አንሥቶ፥ ከጉብታው ውፍረት ጋር እኩል የሆነ የታጠፈ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ካርቶን ከእግሩ ተረከዝ በታች በስተ ኋላ ማኖር፥ እግሩንም መልሶ ማውረድ ነው። በዚህ ጊዜ እግሩ ከኋላም ከፊትም እኩል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ደረጃው ሜዳ ሆነ ማለት ነው። በአንዳንድ አዲስ መኪኖች እግር ጎን ትንሽ ጥቁር ቁልፍ አለች፤ እርስዋን ተጭኖ እግሩን ቢያወርዱት ሳያዘነብል ይቆያል፤ ሥራዋም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ መርገጡ ወይም ሞተሩ ይቅርና መዘውሩ በእጅ ይዙር፤ በአብዛኞቹ መኪኖች የሚዞረው ወደ ሰፊው ወገን ነው። አንድ አንድ እያሉ ጥቂት ስፌት ሰፍቶ ጉብታውን መሻገር ነው። ከማዶ ሲወረድ ደግሞ ያው የታጠፈ ጨርቅ ከእግሩ ጣት በታች በስተ ፊት ይሁን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፥ በዚህ ስፍራ የምትተርፍ አንዲት ደቂቃ የአንድ መርፌ ዋጋና የአንድ ሰዓት መፍታት ታስከትላለች።

ብዙ ሰው የሚሠራው ትልቅ ስሕተት ጨርቁን ከኋላ መሳብ ነው። መኪናው ሲቆም እጅ ለመርዳት ይቸኩላል፤ ነገር ግን የተሳበው ጨርቅ መርፌውን ይዞት ይሄዳል፥ መርፌውም ከብረት ጋር ይጋጫል። የሚሰበረውም መርፌ ወዴት እንደሚፈናጠር አይታወቅም። ስለዚህ ወፍራም ነገር ሲሰፋ ፊትን ወደ መርፌው አለማስጠጋት፥ መነጽርም ማድረግ፥ ሕፃናትንም ከአጠገብ ማራቅ ይገባል። የዓይን ጉዳት ከሱሪ ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ምልክቱን አይቶ ምክንያቱን ስለ ማወቅ

ስፌት የሚዘል እንደ ሆነ አስቀድሞ መርፌውን መጠርጠር ነው፤ ቀጭን፥ የተጣመመ ወይም ያለ ስፍራው የገባ ይሆናል። መርፌ የሚሰበር እንደ ሆነ ወይ ጨርቁ ተስቧል፥ ወይ መርፌው ለጨርቁ ቀጥኗል። የላይኛው ክር የሚበጠስ እንደ ሆነ ቀዳዳው ጠቧል ወይም ክሩ እጅግ ጠብቋል። በጨርቁ ሥር ክር እንደ ወፍ ጎጆ የሚከመር እንደ ሆነ ብዙ ሰው የታችኛውን ክር ይከሳል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው፥ የላይኛው ክር በማጥበቂያዎቹ መካከል አልገባምና። ስፌቱ በአንድ ስፍራ የሚቆም እንደ ሆነ እግሩ አዘንብሏል ወይም ጥርሶቹ በብናኝ ታፍነዋል። የኤሌክትሪክ መኪና እየጮኸ የማይዞር እንደ ሆነ ግን ወዲያው እግርን ከመርገጫው ማንሣት ያስፈልጋል፤ እንደ ቆመ ቢገፋ ሞተሩ ይቃጠላል፤ በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ያሉትም የፕላስቲክ ጥርሶች ሊሰበሩ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው በቀጭን ጨርቅ ላይ እንኳ ስፌት የሚዘል ከሆነ፥ የመርፌውና የመንጠቆው መገናኛ ጊዜ ተዛብቷልና ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው። በቀጭኑ ላይ ደኅና ሆኖ በወፍራሙ ላይ ብቻ የሚቸገር ግን ከላይ በተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

የመኪናውን ወሰን ስለ ማወቅ

ለመኪናም ወሰን አለው። የቤት መኪና ለኮርቻ፥ ለድንኳንና ለወፍራም ቆዳ የተሠራ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ኃይለኛ የፋብሪካ መኪና አለ፥ ወይም የቆዳ ሠራተኛ ወስፌ አለ። ጥሩ መመዘኛው ይህ ነው፤ መዘውሩ በእጅ ሲዞር መርፌው ጨርቁን የማይበሳ ከሆነ በሞተርም አይገደድ። ሌላው ስፌት በመኪና ሆኖ ያቺ አንዲት ጉብታ ብቻ በእጅ መርፌ ብትሰፋ ነውር የለበትም፤ በጥሩ ልብስ ሰፊ ቤትም የሚደረግ ነው።

በመጨረሻ ለቤት ጌቶችና ለእመቤቶች የምናሳስበው ይህን ነው። መኪና ገዝቶ መስጠት ብቻ አይበቃም። ቁጥራቸው ከ80 እስከ 110 የሆነ መርፌዎች፥ ትንሽ ብሩሽ፥ ካቻቪቴና አንድ ጠርሙስ የመኪና ዘይት በአንድ ሳጥን አድርጎ ከመኪናው አጠገብ ማኖር ወጪው ጥቂት ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ በግማሽ ሰዓት ይለቅ ብሎ ማስቸኮልም መርፌ መስበር እንጂ ጊዜ ማትረፍ አይሆንም። የካኪውም ሱሪ ጫፍ ተበላሽቶ በቀረበ ጊዜ፥ ሰፊዋን ከመንቀፍና ደመወዟን ከመቍረጥ በፊት «መርፌው ስንት ቁጥር ነው? የተለወጠውስ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ባለ 80 መርፌ ተሰጥቷት 12 ድርብ ካኪ እንድትሰፋ የታዘዘች ሴት ሥራ አታውቅም ተብሎ አይፈረድባትም።